ብክነት ያሳደድኩበት ክረምት

ሰው ሌባ ያሳድዳል፤ አይጥ ያሳድዳል፤ አብነት ሰፈር ደግሞ ታክሲ ያሳድዳል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር እየተሳደበ፣ ብክነት ሳሳድድ ከረምኩ። “ብክነት ደግሞ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?” ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። አሁን ግን መልኩንም ቁመቱንም፣ የሚለብሰውን ነጠላ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። መሃል ላይ ከመንገድ ወጣ ብል ታገሱኝ፤ ወሬና እርጅና ቀጥ ብሎ መሄድ አይሆንላቸውም።

ልጄ ጽጌ አብነት ውስጥ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አላት። ፋብሪካ ስላችሁ ጭስ የሚተፋ ነገር እንዳይታያችሁ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም፤ ሲጠረግ እስከ ዛሬ ከየጥጉ ደረቅ ባቄላ ይወጣል። ነገር ግን የስፌት ማሽኖቹ በመስመር ተደርድረው፣ አንዷ ኮሌታ ሰፍታ ለሚቀጥለው ስታቀብል፣ ያቺ እጅጌ ገጥማ ለሌላዋ ስታሳልፍ፣ ከወዲያ ጫፍ ጨርቅ ሆኖ የገባው ከወዲህ ጫፍ ሸሚዝ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ፋብሪካ ነው። የሚከራከር ካለ ከጽጌ ጋር ይነጋገር።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ጽጌ ጠዋት በታክሲ ትሄዳለች። እኔ ቤቱን ሸክፌ በእግሬ እወጣና፣ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰላም ብዬ፣ ጌጃ ሰፈር የታመመ ካለ ጠይቄ፣ የወለደች ካለች መርቄ፣ ረፋድ ላይ ፋብሪካው በር ላይ ከተፍ እላለሁ። ምን ልሠራ? ምንም። ግድግዳ ከማየት ብዬ ነው። ስገባ ልጆቹ “ኖር!” ብለው ብድግ ይላሉ። “በእግዚሐር! በልደታ ተቀመጡ!” እላለሁ። አይቀመጡም። እለምናለሁ። እኔ ሳልቀመጥ ወይ ፍንክች! ልጆቹ የምላችሁ ሰፊዎቹን ነው። አብዛኞቹ የልጅ እናቶች ናቸው፤ ጨርቅ ቆራጯ ዘምዘም እንዲያውም የልጅ ልጅ አይታለች። ለእኔ ግን ልጆች ናቸው፤ ያውም አሳዳጊ የባረካቸው።

የዚያን ክረምት ጽጌ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለመስፋት ተዋዋለች። ትምህርት ሳይከፈት ማድረስ አለባት። ካላደረሰች ሥራው ለሌላ ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ አዳራሹን ትለቃለች፤ አዳራሹን ከለቀቀች እነዚያ ሁሉ እናቶች ይበተናሉ። ነገሩ ይኼ ነበር። ሥራው ደግሞ አልገፋ አለ።

“እማዬ፣” አለችኝ ራት ላይ፣ ቁራሹን እጇ ላይ ይዛ እንደረሳችው፣ “ማንም አይለግምም። ሁሉም ሲሠራ ይውላል። ስንወጣ ግን የተሰፋው ከቁጥር አይገባም። ጊዜው የት እንደሚገባ አላውቅም።”

“ሌባ አለ ማለት ነዋ!” አልኳት።

“ጊዜን ማን ይሰርቃል?”

“እሱን እኔ እይዘዋለሁ።”

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆርጬ ተነሳሁ። እኔ ደግሞ ከቆረጥኩ ቆረጥኩ ነው። ሟቹ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “አንቺና ሲሚንቶ አንዴ ከደረቃችሁ ምክር አይገባችሁም” ይለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ካይዘን የሚያስተምር ልጅ ተላከልን። ናሆም ይባላል። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ሲናገር እጁ እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚወዛወዝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ካይዘንን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚባክነውን እየለቀሙ የማስወገድ የጃፓን ጥበብ ነው ይላሉ። ሴቶቹን ሰብስቦ ሲያስተምር እኔም በርጩማዬን ይዤ ከፊት ተሰየምኩ።

“ብክነት ማለት የተጣለ ጨርቅ ብቻ አይደለም” አለ። “መቀስ ፍለጋ መዞርም ብክነት ነው።”

“እውነት ነው!” አልኩ።

“እጅን አጣጥፎ የሌላውን ሥራ መጠበቅ ብክነት ነው።”

“እውነት ነው፣ አፈር ስሆን!”

“አንዷ ስትቆም ከእሷ ቀጥሎ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ።”

“አሜን!” ብዬ አረፍኩት። ስብከት ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ እኮ ነው። ናሆም ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ምስኪን! ያን ጊዜ እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅኩ።

በማግስቱ በመቀስ ጀመርኩ። ናሆም “እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው፤ ዕቃውም በቦታው ይሁን” ብሏል አይደል? ሲባጎ ገዝቼ መቀሱን ሁሉ ባለበት አሰርኩት። ትንንሾቹን ከየማሽኑ እግር፣ የዘምዘምን ትልቁን መቀስ ከምሰሶው ጋር። ዘምዘም መጥታ ብትጎትተው አልላወስ አላት።

“እማማ፣ ይኼ መቀስ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?”

“በየቀኑ እየጠፋ!”

“ታዲያ እኔ ጨርቁን እንደ እስረኛ ስንቅ እየተሸከምኩ ላመላልስለት?”

እውነቷን ነው። ሲባጎውን እንቁረጥ ብንል ደግሞ፣ ቋጠሮው እንዲጠብቅ የመቀሶቹን ሁለቱንም ቀለበት አንድ ላይ ነበር ያሰርኩት፤ አንዱም አፉን አልከፍት አለ። በጥርስ ፈታነው። ማለቴ በእነሱ ጥርስ፤ የእኔ ጥርስ ከእንደዚህ ዓይነት ሥራ ጡረታ ከወጣ ቆየ።

ከዚያ ወደ ክሩ ዞርኩ። ወለሉ ላይ የሚረግፈው ቁራጭ ክር አንጀቴን ይበላው ነበር። ለቀምኩ፣ ጫፍ ለጫፍ ቋጠርኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ድቡልቡል ያለች የክር ኳስ ወጣኝ። ለኮሌታ ሰፊዋ ለመሰረት በሙሉ ኩራት ሰጠኋት። መሰረት ደግሞ “አይሆንም” ማለት የማትችል ልጅ ናት፤ ማሽኗ ላይ አደረገችው። ማሽኑ አንድ ቋጠሮ ሲደርስ አስነጠሰ፤ ሌላ ቋጠሮ ሲደርስ አሳለ፤ በመጨረሻ ትን ብሎት ቀጥ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የእኔ ድር ማሽን አሰረ። ጠጋኙ መጥቶ አንጀቱን እስኪያጸዳው ድረስ ኮሌታ የለም፤ ኮሌታ ከሌለ ደግሞ መስመሩ ሁሉ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

“እማዬ፣ እባክሽን…” አለች ጽጌ።

“አይዞሽ፣ እየተለማመድኩ ነው” አልኳት።

ሦስተኛው ከራሴ የፈለቀ ነው። ምሳ! ለምሳ ይነሳሉ፣ እጅ ይታጠባሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ ያወራሉ፣ እንደገና ይታጠባሉ። ለምን ይነሳሉ? እኔ እየዞርኩ ባጎርሳቸውስ? ሳህኑን በግራ እጄ ይዤ ከመሰረት ጀመርኩ። እጇ ጨርቁ ላይ፣ እግሯ ማሽኑ ላይ፣ አፏ ለእኔ። አንድ አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ደገምኳት። ደግሞ “በሞቴ!” ሳይሉ መተው ነውር ነው፤ ጠቅለል አድርጌ ሠለስኳት። አፏ ሞልቶ “በቃኝ” ማለት ቢያቅታት አንገቷን ዘወር ስታደርግ፣ ሽሮው መንገዱን ስቶ ነጩ ኮሌታ ላይ አረፈ። ያ ሸሚዝ ታጠበ፣ ታሸ፣ ፀሐይ ሲገኝ ተሰጣ። ሽሮው ግን ርስቴ ነው ብሎ ቀረ። ትምህርት ቤቱ ሽሮ ያለበት ዩኒፎርም አላዘዘም።

ናሆም በዚህ ሁሉ መሃል ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ ሰዓት ይይዛል፤ ማሽኖቹ መቼ እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚቆሙ ያያል። አንዳንዴ እኔን ያይና ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ጣራው ያነሳል። ዓይን አፋር ነው ብዬ አዘንኩለት። ሚስት ልፈልግለት ሁሉ አስቤ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰበሰበና “ትልቁን ብክነት አግኝቼዋለሁ” አለ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። “ተመስገን! የታለ?”

ናሆም ጉሮሮውን ጠረገ። “እ… በበር በኩል የሚገባ ነው።”

“ነፋሱ ነው! ጽጌ፣ ይኼን በር አሠሪው አላልኩሽም?”

“ነፋስ አይደለም፣ እማማ።”

“እንግዲያው ድመቷ ናት።”

“ድመቷም አይደለችም። ረፋድ ላይ ይመጣል። ሲመጣ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ከምሳ በኋላ ወጣ ይልና ደግሞ ይመለሳል፤ መስመሩም ደግሞ ይቆማል።”

“መብራት ነዋ!”

“መብራት ሲመጣማ ሥራ ይጀመራል እንጂ ይቆማል እንዴ?” አለች ዘምዘም። ድምጿ እንግዳ ሆነብኝና ዞር ብል፣ ሻርፗን አፏ ላይ ወትፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ብርድ የመታት መሰለኝ።

“አንተ ልጅ፣ አትፍራ!” ብዬ ከበርጩማዬ ተነሳሁ። “ማንም ይሁን ማን፣ ስሙን ብቻ ንገረኝ! በዚህ ምርኩዝ እየነዳሁ ነው የማስወጣው። ሁለተኛ የዚህን በር ጉበን አይረግጥም። በልደታ!”

መሰረት መርፌ እንደወደቀበት ሰው ማሽኗ ሥር ገባች። ጽጌ ጣራ ጣራውን ታያለች።

ናሆም መነጽሩን አወለቀ። “እማማ… እግርዎ ላይ ልውደቅ። እርስዎ ሲገቡ ሁሉም ‘ኖር’ ብለው ይነሳሉ…”

“ታዲያ ቁጭ ብለው አፋቸውን ከፍተው ይዩኝ?”

“ኧረ ይነሱ፤ ወጉ ነው። ግን እስኪቀመጡ ቆመው ይጠብቃሉ። እርስዎ ደግሞ አይቀመጡም፤ ከመሰረት ጀምረው አንድ በአንድ ይስማሉ። እናቷን ይጠይቃሉ፣ ልጇን ይጠይቃሉ፣ የጎረቤቷን ልጅ እግር ይጠይቃሉ…”

“ልጁ ተሰብሮ ነበር እኮ! ዝም ብዬ ልለፈው?”

“አይለፉት። ግን ያልተጠየቀችው ተራዋን ትጠብቃለች፤ የተጠየቀችው ደግሞ የሌላዋን መልስ ትሰማለች…”

ቀጠለ አልቀጠለ አላውቅም። ገብቶኛል። ዕድሜ ልኬን ሌባ ስፈልግ ቤቱን ሁሉ አገላብጬ፣ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት በሉት። መጀመሪያ ፊቴ ጋለ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ፤ እኔ ስስቅ ዘምዘም ሻርፗን አውጥታ ለቀቀችው፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጽጌ ብቻ አልሳቀችም።

“እማዬ፣ እንዳይከፋሽ።”

“ምን ይከፋኛል? ምዬ የለም እንዴ!” አልኳትና፣ ምርኩዜን አንስቼ ራሴን እየነዳሁ ወጣሁ።

አንድ ቀን ቤቴ ዋልኩ። ሁለተኛውንም ልውል ቆርጬ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ የአንድ ሰው ኮቴ አይደለም፤ የሠርግ አጃቢ ነው የሚመስለው። በሩን ብከፍት መሰረት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች። ከእሷ ኋላ ቁልፍ ተካይዋ፣ ከእሷ ኋላ እጅጌ ገጣሚዋ፤ መስመሩ በሙሉ እንደ ፋብሪካው በተርታ ደረጃው ላይ ተሰልፏል። ከሁሉ ኋላ ዘምዘም እያለከለከች ትወጣለች፤ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማ! ጨርቅ ስትቆርጥ እንዳይንሸራተት የምትጭንበትን ድንጋይ!

“እማማ፣ ይማሩን!” አለች ዘምዘም፣ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ። “አኩርፈው ቀሩ አሉ። ሽማግሌ አስቀይሞ ሥራ ይቀናል እንዴ?”

“እኔ እንኳን አመማቸው ነው ያልኩት” አለች መሰረት፣ ብርቱካኑን እያሳየችኝ።

“ማን አኮረፈ? ማንን አመመው? ቆይ፣ ማሽኖቹ ላይ ማን አለ?”

ተያዩ። ማንም! ይኼኔ ከታች ጽጌና ናሆም እየተንደረደሩ ደረሱ። ልትመልሳቸው መጥታ ይሆናል ብዬ ሳልጨርስ ናሆም ደረጃው ላይ ተንበርክኮ ጉልበቴን ያዘ። “እማማ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች!”

አያችሁልኝ? ብክነቱን ከፋብሪካው ብናስወጣው ፋብሪካውን አስከትሎ ወጣ።

ከጎረቤት በር አንገት ብቅ አለ። “ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ?”

“ይቅርታ ነው!” አለች ዘምዘም፣ ከነድንጋይዋ። “ይቅር ብያለሁ ሳይሉ አላወርድም።”

“ይቅር ብያለሁ! አውርጂው፣ ወገብሽ ይቆረጣል!”

ይቅር ካልኩ በኋላ ያለው ነገር ነው የከበደኝ። ሰው ደጄ መጥቶ፣ ያውም ድንጋይ ተሸክሞ፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ እንዴት ይሄዳል? “ግቡ፣ ቤት ያፈራውን” የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቷል። ከገቡ መቅመስ አለ፤ ከቀመሱ ጨዋታ አለ፤ ከተጫወቱ ፀሐይዋ አትጠብቅም። ጽጌን አየኋት። ሸሚዝ ሳይሆን ሰው ልታጣ እንደሆነ ሁሉ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ምላሴን ነከስኩና ምርኩዜን መሬት ላይ አጮህኩት።

“ዛሬ ከዚህ ቤት ውሃ እንኳን አትቀምሱም! ብርቱካኑንም ይዛችሁ ውረዱ! ወደ ማሽናችሁ! ጎረቤት ምን ይላል እንዳትሉ፤ ጎረቤቱን ለእኔ ተዉት!”

ደንግጠው ወረዱ። በዕድሜዬ ሰው አፉ ደርቆ ከደጄ ሲመለስ የመጀመሪያዬ ነው። በሩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ቤት ብቀር ይመጣሉ። ብሄድ ይነሳሉ። ታዲያ የት ልሁን? ቁጭ ብዬ ሳሰላስል አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። “ኖር” የሚባለው ለሚገባ ሰው ነው። አስቀድሞ ለተቀመጠማ ማን ይነሳለታል? የሚመጣው ነው ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ የሚያልፈው። እኔ ሁልጊዜ ኋላ ስለምደርስ እንጂ፣ ቀድሜ ብገኝ ጉዳዩ ይገለበጣል!

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከጽጌ ጋር ታክሲ ተሳፈርኩ። በመንገዴ ማንንም ሰላም ሳልል ያለፍኩት ያን ቀን ነው፤ ጌጃ ሰፈር “አሮጊቷ ዓይናቸው ፈዘዘ” ተብሎ ተወርቷል አሉ። ሰፊዎቹ ሲመጡ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ እጅ ነስተው አለፉ፤ እኔም “እግዜር ይመስገን፣ እለፊ፣ እለፊ” አልኩ። ናሆም ይህን ሲያይ ጊዜ ቢጫ ቀለም አመጣና፣ የጨርቅ ጋሪውንና የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ቦታ ወለሉ ላይ እንዳሰመረ፣ በርጩማዬንም ዙሪያውን አሰመረው። የተጠናቀቀውን ሸሚዝ የተረፈ ክር እየለቀምኩ ማጽዳት ሥራዬ ሆነ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ! አንዴ ከቢጫው ከወጣሁ ተመልሼ መግባቴ ነው፤ ከገባሁ ይነሳሉ። ስለዚህ የጠዋት ሻዬን ተውኩ። ውሃ ሲጠማኝ ከንፈሬን አረጥባለሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ምላሴ ነው። አንዷ ፊቷ ጠቁሮ ትመጣለች፤ አልጠይቅም። አንዷ ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ አልጠይቅም። ወሬ ሆዴ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ እኔ ክር እለቅማለሁ። መስመሩ ግን ሄደ። ኮሌታው ለእጅጌው፣ እጅጌው ለቁልፉ፣ ቁልፉ ለካውያው። ጽጌ ራት ላይ ቁራሿን መጉረስ ጀመረች።

ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ የትምህርት ቤቱ መኪና መጣ። የመጨረሻው ጥቅል ተጭኖ በሩ ሲዘጋ ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም ቆመው መኪናው ኩሬውን እየረጨ ከመታጠፊያው እስኪሰወር አዩት። የተረከበው ሰውዬ ቀጣዩንም እዚሁ እናሰፋለን ብሏል። ጽጌ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሰፊዎቹ ደግሞ ከልማዳቸው ብዛት ወደየማሽናቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ የሚሰፋ ግን የለም።

እኔ ከበርጩማዬ ተነሳሁ። ከቢጫው ወጣሁ። በሩን ከፍቼ ደጅ ወጣሁና፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ተመልሼ ገባሁ።

“ኖር!” ብለው ብድግ አሉ። ናሆም ሳይቀር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

“በእግዚሐር!” አልኩና፣ ተቀመጡም ሳልል፣ ከመሰረት ጀመርኩ። ግራ ቀኝ ሳምኳት። ዓይኔን እየሸሸች ትስቃለች።

“ምን ሆነሻል አንቺ?”

“እማማ… ታጭቻለሁ እኮ።”

“ምን? መቼ?”

“እርስዎ ቢጫው ውስጥ ሳሉ።”

“ታዲያ እንዴት ትደብቂኛለሽ?”

“መስመሩ ይቆማል ብዬ ነዋ!”

በርጩማዬን ጎትቼ ማሽኗ አጠገብ አስጠጋሁና ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

“በይ እሺ፣” አልኳት፣ “የማን ልጅ ነው? ከአያቱ ጀምሪልኝ።”